ለክርስትና የምሠራቸው ኮፍያዎች

ለምወድሽ እኅቴ ለእትዬ ገነት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደ ሀገሩ ርቀት ሳይሆን እንደ ናፍቆቴ ብዛት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? የቤሩት ብርድ እንዴት ይዞሻል? አሠሪዎችሽስ እሑድ እሑድ ይለቁሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬን ዓይኗን ትንሽ ያማታል እንጂ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። አባባ ገብሱን ወቅቶ አስገባ፤ ስንዴው ገና አውድማ ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የብርሃኔ ልጅ ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ነው የጻፍኩት። ስትደውዪ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ደግሞ ዕንባ እንቢ ይለኛል፤ እንዲሁ ዝም እንደተባባልን ሂሳቡ ያልቃል።

ልጄ በግንቦት፣ በተወለደ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን እንደ ሞተ ታውቂያለሽ። ሳይጠመቅ መሞቱን ግን አልነገርኩሽም። ሁለት ቀን አተኮሰው። እማዬ "መምሬ ካሴን እንጥራና ይጠመቅ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን "ሳምንት እኮ ነው የቀረው፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ይሻለዋል" አልኳት። በሦስተኛው ቀን ሲነጋ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ያለሁት እንዲህ ነው። አላለቅስም። ባለቤቴ ስማቸው ሲያናግረኝ ድምፁ ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስለኛል። አስቀድሳለሁ፤ አፌ ይላል፣ ልቤ ዝም። እጄ ግን ሥራ ይፈልጋል። ተማሪ ሳለሁ አንቺ ያስለመድሽኝን ኪሮሽ አንስቼ፣ ከፊቱ ላይ መስቀል እያስገባሁ የሕፃን ኮፍያ መሥራት ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዐሥራ አንድ ኮፍያ ሲሞላ ቤት ውስጥ ማየቱ አስጠላኝና፣ ከገጠር የመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪይዛቸው ወደሚቀመጡበት ወደ እናቶች ማቆያው ይዤ ሄድኩ።

አንዷ "ምንድን ነው?" አለችኝ። "የክርስትና ነው" አልኳት። ከዚያ ሳላስበው የኔን ነገር ነገርኳቸው። "ልጅ ከታመመ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ ቄስም ጥሩ። አርባና ሰማንያ አትቁጠሩ። ክርስቶስ ድግስ አይጠብቅም" አልኳቸው። ድምፄ የቀበሌ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። አሁን በየሐሙሱ እሄዳለሁ። ኪሮሽ አሳያቸዋለሁ፤ እጃቸው እየሠራ ስለ ጥምቀት ይጠይቁኛል፤ ከመምሬ የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ። ፋጤ የምትባል የነጋዴ ሚስት መስቀል የሌለበት ጠይቃኝ ለሷም ሠራሁላት።

በኅዳር፣ ኮፍያ ከሰጠኋቸው አንዷ ውባለም ባሏን ላከችብኝ። ሴት ልጇ በተወለደች በዐሥራ ዘጠኝ ቀኗ ጡት አልይዝ ብላለች። ጤና ጣቢያ መርፌ ጀምረውላታል። "ያልሽውን አልረሳሁም፤ መምሬን አስጠርቻለሁ፤ ክርስትና እናቷ አንቺ ሁኚ" ብላ ነው የላከችው። እንቢ ልል ነበር። ስማቸው ነጠላዬን አቀበለኝ።

ውባለም ገና አራስ ስለሆነች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀምጣ ቀረች። ሕፃኗን እኔ ይዤ ገባሁ። ከድመት አትከብድም። መምሬ ካሴ ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን አስካዱኝ፤ ወደ ምሥራቅ አዙረው በክርስቶስ "አምናለሁ" አስባሉኝ። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ስለው ምንም አልተሰማኝም። ግን አልዋሸሁም። ውኃው ሲነካት ጮኸች። ሁለት ቀን ድምፅ ያላሰማች ልጅ! ውባለም ከውጭ ሰምታ እልል አለች።

ወለተ ሐና ተባለች። አሁን ድናለች፣ ትጠባለች።

ያን ቀን ሰው ሲበተን መምሬን ስለ ልጄ ጠየቅኳቸው፤ ስድስት ወር ሙሉ ያልደፈርኩትን። "የት ነው ያለው?" አልኳቸው። "እኔ አላውቅም፣ ልጄ። የሚያውቀው ግን ካንቺ ይልቅ ይወደዋል" አሉኝ። ቃሉ አላጽናናኝም፤ ግን ያዝኩት። ቤት ስገባ ራበኝ። ለስማቸው "ራበኝ" አልኩት። ተነሥቶ ራሱ አቀረበልኝ፤ በላሁ።

እማዬና አባባ ጉንጭሽን ስመዋል። ስማቸው እጅ ይነሣል። አብራሽ ለምትኖረው ለቤቲ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ፣ የክርስትና ስም የለውምና "የአመተ ማርያም ልጅ" ብለሽ አስቢልኝ።

እኅትሽ አመተ ማርያም
ወገዳ፣ ስማዳ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.