ሁለት ልጅ ያሳደገ ጡት

ስርጉትዬ፣ የሆዴ ልጅ፣ እመቤቴ በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። ጅቡቲ ሙቀቱ ስለጀመረ ደጅ መተኛት ጀምረናል። የቤይሩቱስ እንዴት ነው?

በስልክ የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ግራ ጡቴ ላይ የወጣችው እብጠት ካንሰር ናት፤ ግን በጊዜ ተደርሶባታል። ሐኪሙ ወይ እብጠቷን ብቻ እናወጣና አዲስ አበባ ለሳምንታት የጨረር ሕክምና ትከታተያለሽ፣ ወይ ጡቱ በሙሉ ይነሣል አለኝ። "በሁለቱም የመዳን ዕድልሽ እኩል ነው፤ ምርጫው ያንቺ ነው" አለ።

ጎረቤታችን ዙለይካ ግን "ያንቺ ብቻ አይደለም!" ብላ ተቆጣች። ወተቷ ደርቆባት ልጇን ዘከሪያን ከአንቺ እኩል ያጠባሁት እኔ አይደለሁ? "የልጄም ጡት ነው፤ ወላሂ አይቆረጥም!" ብላ አኩርፋኝ ሰነበተች። በሚኒባሱ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰኝ የጡት ወንድምሽ ዘከሪያ ደግሞ አፍሮ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም።

እኔ ጡቱ ይነሣ ብያለሁ። ሁለት ልጅ አሳድጓል፣ ሥራውን ጨርሷል። ደግሞስ ማዳምሽ በሐምሌ ፈቃድ ትሰጠኛለች ብለሽኝ የለ? እኔ አዲስ አበባ ጨረር ላይ እያለሁ መጥተሽ በሩን ተቆልፎ ብታገኚው ምን ይውጠኛል? ይህን ስነግራት ዙለይካም አለቀሰች፤ ታረቅን።

አምላክ ልፋትሽን ይቁጠርልሽ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። ፈቃድሽን ሁለቴ አስተላልፈሻል፤ የዘንድሮውን እባክሽ አትለውጪው። ስታቅፊኝ በግራ በኩል ጎድዬ ብታገኚኝ አትሽሺ። ራስሽን እዚያ ጋ አስደግፊ፤ ልቤ ይበልጥ ይሰማሻል።

እናትሽ፣ ትሁን
ካርቲየ 1፣ ጅቡቲ