በቁጥር የተጻፈ ናፍቆት

እማዬ፣

ካረፍሽ መንፈቅ አለፈ። እዚህ አቡ ዳቢ፣ አል ሙሽሪፍ ባለው ቤተ ክርስቲያን ከማኅበር ጓደኞችሽ ጋር ዘክረንሻል፤ ደሴ ያለችው አክስቴም የአቅሟን አድርጋለች። እኔ ያው አል ሪም ደሴት፣ የሕንጻው እንግዳ መቀበያ ላይ ቆሜ ለወጪ ወራጁ ፈገግ እላለሁ። እዚህ ፈገግታም ሥራ ነው። ቤት ስገባ ፊቴን አሳርፈዋለሁ።

ለእረፍት ወደ ሀገር ቤት ስትሄጂ የዚህን አገር ስልክሽን ለእኔ ትተሽልኝ፣ አንቺ በዚያው ቀረሽ። ስልኩ ግን ዝም አላለም። አል ዐይን ያሳደግሻት ኑራ ትጽፍልሻለች። አረብኛውን በእንግሊዝ ፊደል ትጽፈውና በመሐሉ ሦስትና ሰባት ቁጥር ትሰገስግበታለች። መጀመሪያ የባንክ መልእክት መስሎኝ ነበር።

ኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ አንቺም እኮ እንዲሁ ትጽፊልኝ ነበር። የአረብ ፊደል ሳትቆጥሪ፣ ኑራ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጠሽ ለመድሽው። ይሄ ሰላምታ ነው ወይስ የሒሳብ ፈተና እያልኩ ስቄብሻለሁ። ቆይ፣ ሥራ ሲቀልልኝ አስተምርሻለሁ ብለሽኝ ነበር። ሥራው ሳይቀልልሽ ሄድሽ።

ያስተማረችኝ አብራኝ የምትሠራው ሶርያዊቷ ሪማ ናት። ሦስቱ ዐይኑ ዐ ነው፣ ሰባቱ ሐመሩ ሐ። እኛ ፊደሉን ይዘን ድምፁን የጣልነውን እነሱ በቁጥር ይጽፉታል። ትንሽ ትንሽ ማንበብ ስጀምር የኑራ መልእክት ተገለጠልኝ። ናፈቅሽኝ ትልሻለች። ጥርሴ ላይ ሽቦ አሰሩልኝ፣ ፀጉሬን እንዳንቺ የሚሠራኝ ጠፋ፣ መቼ ነው የምትመጪው ትልሻለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። እኔ ደሴ የወተት ጥርሴን ስነቅል አንቺ ፀጉር የምታበጥሪው ለእሷ ነበር። ቀጥሎ ግን ደነገጥኩ። ልጅቷ ማረፍሽን አታውቅም። እናቷ፣ ማዳምሽ፣ ከእኔ ሰምታ ሳለ፣ የልጅቷ ፈተና እስኪያልፍ ብላ እረፍት ላይ ናት ብላታለች። ፈተናው ካለፈም በኋላ አፏን መክፈት አቃታት።

ሪማ ሁለት መስመር ጽፈሽላት ተገላገዪ አለችኝ። እጄ እንቢ አለ። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? የአንቺን ለእኔ ያረዱኝ የማኅበር ጓደኞችሽ ናቸው፤ ከየማዳሞቻቸው ፈቃድ ለምነው፣ ተሰብስበው በማለዳ በሬን አንኳኩ። ለኑራስ ማን ይሄድላት?

ማዳምን አስፈቅጄ በእረፍት ቀኔ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የምላትን በአረብኛ ስለማመድ ሄድኩ። በራቸው ላይ ስደርስ ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አዘቅዝቄ ለበስኩ። ኑራ ራሷ ከፈተችልኝ። አያቴ የሞተች ጊዜ አንቺ እንዲሁ ለብሰሽ አይታሻለችና፣ ነጠላውን አይታ ጮኸች። ያን ሁሉ ተምሬ አንድም ቃል አላስፈለገኝም።

ክፍልሽ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ተላቀስን። ማዳምም በሩን ተደግፋ አለቀሰች። ቆይቶ ኑራ ስለ እኔ ታወራልኝ ጀመር። ውሻ ፈርቼ ዋርካ ላይ መውጣቴን፣ መውረድ አቅቶኝ ሰፈሩ መሰብሰቡን ሳይቀር ታውቃለች። ፀጉሯን ስታበጥሪ ለካ የምታወሪላት የእኔን ነበር። ያ ቅናቴ እዚያው ወለል ላይ ቀረ፣ እማዬ። ለእሷ ያወራሽላትን ግን ለእኔ ለማውራት ጊዜ አላገኘሽም።

ስመለስ፣ አውቶቡሱ አቡ ዳቢ ሲገባ፣ የራሴ ስልክ ላይ መልእክት መጣ። ኑራ ናት። ያንን አጻጻፋችሁን ማንንም ሳልጠይቅ አነበብኩት፤ ደረስሽ ወይ ትለኛለች። ካንቺ ዘንድ በተመለስኩ ቁጥር ትጠይቂኝ የነበረውን፣ መልሴ እስኪመጣ ስልኩን ከእጅሽ የማታስቀምጪበትን። አጠገብሽ ሆና ስታይ ነው የተማረችው። ደርሻለሁ ብዬ ጻፍኩላት፤ ፊደሉ በእንባ አልታይ እያለኝ።

አንረሳሽም። ስልክሽን አልዘጋውም፣ ለሙት ዓመትሽም ከኑራ ጋር አል ዐይን ሻማ እናበራልሻለን። እስከዚያው እንደ ልማድሽ እኔም ልጠይቅሽ፦ ደረስሽ ወይ፣ እማዬ?

ልጅሽ