የሙስዬ ትራክተርና የቶኔው መሬት

ሐሙስ፣ ሚያ. 8
ዛሬም የመቆፈሪያው ቡሎን አልፈታ አለ። ዲፕሎማቶቹ ቤት ወጥ ከማልሠራባቸው ቀኖቼ አንዱ ሐሙስ ነው፤ እሱም በዝገት አለቀ።

ቶኔ የሚባለው ሰፈር ነኝ፣ ሙስዬ ጓሮ። ሙስዬ የመሬቱ ባለቤት ናቸው፣ ሰማንያ አልፏቸዋል። የጓሮ ትራክተራቸው በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ሞተሩ ግን ጎረምሳ! ችግሩ ከኋላ የሚታሰር መቆፈሪያ የለውም። ዙሪክ ያለችው እህቴ ሶስና ከአንድ አሮጌ ጎተራ አገኘችልኝ። የሌላ ትራክተር ነው። ማን ይገጥመዋል? እኔ ነኛ፤ አባቴ ጋራዥ ግሪስ ተለቅልቄ ያደግኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው ደብተሬ፦ የሙስዬ ልጅ መሬቱን ጠጠር አልብሶ ካራቫኑን ሊያቆምበት ነው። ልጁ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ሙስዬ ደግሞ ያን ቀን ታርሶ ካየሁት የእናንተ ነው፣ ዝሩበት ብለውናል። በዶማ ሞከርን። ባሌ ግርማ ወገቡን ይዞ ተኛ።

ቅዳሜ፣ ሚያ. 10
ገጠመ! ማቀፊያው ብረት ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ፣ የማዞሪያውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን አጠበቅኩ፣ አስነሳሁ። ግርማ አጨበጨበ።

ከዚያስ? መሬቱን ይልሳል እንጂ አይቆፍርም። ሣር እንኳ አልነቀለም። ሙስዬ ፂማቸውን አሹ። አፈርኩ።

የመቆፈሪያው ቢላዎች ደንዝዘው ነው። በቃ፣ እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያ. 13
ከሥራ በኋላ ሁሉንም በሞረድ ሳልኩ። መዳፌ ተላጠ። ሞከርኩ። ያው መላስ! ተሳደብኩ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ግርማ ተይው፣ ካራቫኑን ያቁምበት አለኝ። እስከ ቤት ድረስ አላናገርኩትም። መሬቴን ለካራቫን? እኔ እያለሁ? በጭራሽ።

ሐሙስ፣ ሚያ. 15፣ ማታ
ሶስና በቪዲዮ ደወለች። ሆቴል ወጥ ቤት ነው የምትሠራው፤ ስለ ማሽን የምታውቀው ነገር የለም። እያማረርኩ ስልኩን ወደ መቆፈሪያው አዞርኩላት፤ አስነስቼም አሳየኋት። ሳቋ አላስወራ አላት። አንቺ ሴትዮ፣ ሽንኩርት በቢላ ጀርባ ነው እንዴ የምትከትፊው? አለችኝ።

ወይ ጉድ! ስለቱ ወደ አንድ በኩል፣ ዙረቱ ወደ ሌላ በኩል! መቆፈሪያው የተሠራለት ትራክተር በአንድ አቅጣጫ ያዞራል፤ የሙስዬው በተቃራኒው። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ እስላለሁ። ጅል!

መፍትሄው መቆፈሪያው ላይ ያለውን ባለጥርስ ማዞሪያ፣ ካምቢዮውን ፈትቶ ገልብጦ መግጠም ነው፤ ያኔ ዙረቱም ይገለበጣል። ገለበጥኩት። የአየር መተንፈሻው ወደ ታች ዞሮ ዘይቱ ጫማዬ ላይ ተንዠቀዠቀ። ሶስና ከዙሪክ ሆና ታሾፋለች። የመተንፈሻውንና የዘይት ማፍሰሻውን ክዳን አለዋወጥኩ፣ ዘይት ሞላሁ። ሲመሽ ሙስዬ ተኝተው ነበር፤ በሌሊት ሞተር ማስነሳት ነውር ነው። ሳልሞክረው መጣሁ።

ነገ እስከ ማታ ሥራ ነኝ፤ ያለችኝ ቅዳሜ ብቻ ናት። ፈራሁ፣ እውነቱን ልናገር።

ቅዳሜ፣ ሚያ. 17
አረሰ! አረሰ፣ አረሰ፣ አረሰ! እልል ስል የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰልኝ። መጀመሪያ ላይ ላዩን፣ ቀጥሎ አግድም፣ ከዚያ ጠለቅ አደረግኩት። ጥቁር አፈር እየተገለበጠ ወጣ። ሊያግዙን የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎቻችን ድንጋይ እየለቀሙ ከኋላ ይከተላሉ። ተይው ያለኝ ግርማ ዛሬ ላገኘው ሁሉ ሚስቴ ናት ይላል። ይበል! ደስ ብሎኛል።

ልጅየው ሲደርስ ጨርሻለሁ። ከመኪናው ወረደ። አባቱን ማን አረሰው አላቸው። ሙስዬ ወደ እኔ ጠቆሙ። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ዳር ሄዱ፤ ልጃቸው ቀደም ብሎ ለካራቫኑ ምልክት ብሎ የመሬቱ ማዕዘኖች ላይ የተከላቸውን እንጨቶች አንድ በአንድ ነቀሉ። አምጥተው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡና ለቲማቲምሽ መደገፊያ ይሆናሉ አሉኝ።

እኔ እንኳ ያሰብኩት ጎመን ነበር። ትቼዋለሁ። ውርጩ ይለፍ እንጂ፣ ቲማቲም ነው የምተክለው።