ከመብራት እንጨት በላይ ያለውን ሰማይ ለሚያስተዳድሩልን

ለተከበሩ አቶ ክብሩ፣
የሕዋ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ዴስክ ኃላፊ፣
ጎባ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? የጎባ ብርድ ጉልበትዎን እንደማይዳፈርብዎ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃም በሥራ ሰዓት እንደማይጠፋብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ሮቤ ያለነው ነጋያ፣ ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ከስንዴው በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ቀጥሎ ያለውን ቆመው እንዳያነቡት አደራ እላለሁ፤ ዜናው ከባድ ነው። በባሌ ምድር ከዘመን ዘመን ያለ ዘበኛ የኖረው ሰማይ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በቁጥጥር ሥር ውሏል። ግብረ አበሩ የሆነች አንዲት ነጭ ፊኛም ገሰራ ላይ እጅ ከፍንጅ ተይዛ፣ እርስዎ ቢሮ ዕቃ ቤት ውስጥ እግራቸው ከተሰበረ ወንበሮች ጋር ታስራለች። ጋዟ ወጥቶ በጣም ከስታለች ይባላል።

እኔ ለሊሳ ዋቆ እባላለሁ፤ ሮቤ ባጃጅ እነዳለሁ። ዘጠነኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ስለተማርኩ፣ አንዴ ብቻ አይተዋት ካለፉት ሰዎች ይልቅ በደንብ አውቃታለሁ። እዚህ ደብዳቤ ላይ ስሕተት ካገኙ ግን የአሥረኛ ክፍል ነው ብለው ይለፉት።

የፊኛዋ ባለቤት የጎረቤታችን ልጅ ኢህሳን ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ በመጨረሻ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በአጎቷ የመለዋወጫ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ስታርትአፕ ከፈተች። ፊኛዋን ጋዝ ትሞላታለች፣ ካሜራ ታስርባታለች፣ በረጅም ገመድ ይዛ ከማሳ በላይ ትለቃታለች። ከላይ የተነሣው ፎቶ ቢጫ ዋግ የሚሉት በሽታ ስንዴው ውስጥ የት የት እንደ ጀመረ ለይቶ ያሳያል። የእናቴ ወንድም ኦቦ ጀሊልና ጎረቤቶቹ ገሰራ ላይ የሚያርሱት ማሳ የተያያዘ ነው፤ በእጃቸው ያለው የዋግ መድኃኒት ግን ለጥቂት ቦታ ብቻ የሚበቃ ስለነበር፣ በሽታው ሳይዛመት መነሻውን አግኝተው እዚያው መግደል ነበረባቸው። ፊኛዋ የተጠራችው ለዚህ ነው። አንድ ፎቶ እንኳ ሳታነሣ የእርስዎ ሰዎች በመኪና ደርሰው፣ «የሕዋ ፖሊሲው ገና ረቂቅ ላይ ነው» ብለው ገመዷን ያዙ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሕዋ የት እንደሚጀምር ስለ ወሰኑልን እናመሰግናለን። ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ካልወጣችሁ ሕዋ የለም እያሉ ሲያደክሙን ኖረው ነበር፤ የእርስዎ ኮሚቴ ግን ተቀምጦ መክሮ፣ በመስኮት ወደ ውጭ አይቶ፣ ከመብራት እንጨት በላይ ያለው ሁሉ ሕዋ ነው ብሎ በቃለ ጉባኤ አጸደቀ። ለካስ ከጎባ በላይ ሰነቴ አምባ ላይ አይጥ የሚያድኑት ቀበሮዎች ሁሉ ጠፈርተኞች ናቸው። ለእነርሱም ፈቃድ አውጡ የሚል ማሳሰቢያ ይድረሳቸው።

ሁለተኛ፣ ጎባ ላይ ስለተደረገው የፖሊሲ ዐውደ ጥናት። እኔ ተሳታፊ ባልሆንም እንግዳ በባጃጅ ሳመላልስ ከኋላ ቆሜ አዳምጫለሁ። እርስዎ፣ ሰማይ እንደ መሬት ሁሉ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም አሉ። ከአዲስ አበባ ሳተላይት ተከራይተናል ብለው የመጡት እጀ ጉርድ ጃኬት የለበሱ የግል ድርጅት ወንድሞቻችን ደግሞ፣ ሰማይ ቀድሞ ለደረሰበት ነው፣ መንግሥት ከመንገድ ገለል ይበል አሉ። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር፤ ያን ቀን ዓይኔ እያየ ሰማዩ ታረሰ፣ ተሸነሸነ፣ የቀረው የድንበር ጠብ ብቻ ነበር። ኢህሳን እጇን ብታወጣ «በጥያቄና መልስ ሰዓት» ተባለች፤ የጥያቄና መልሱን ሰዓት ምሳ በላው። ኦቦ ጀሊል በአርሶ አደር ስም ተጠርቶ ፎቶ ላይ መሐል ቆመ። እርስዎ «ጎሽ፣ ባርኔጣውን አስተካክሉለት» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ «ስንዴው እንዴት ነው?» ያለው ግን የለም።

ሦስተኛው ላይ የእኔም እጅ አለበት። ፊኛዋ እንድትለቀቅ ኢህሳን ያስገባችው ማመልከቻ መልስ ስላጣ፣ እኔ ነኝ በቀልድ «ታዲያ ሽማግሌ እንላክባቸው፣ እንደ ልጅ ጋብቻ እንጠይቃት!» ያልኩት። የገሰራ ሽማግሌዎች ግን አልሳቁም፤ ደግ ብለሃል አሉ። ከመካከላቸው ኦቦ ጅሩ መሪ ሆነው ሦስት ሰዎች ጎባ ድረስ ወጡ፣ እንደ አገሩ ደንብ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ብለው በሩ ላይ ቆሙ፣ ዱላቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፤ «ልጃችን ቤታችሁ ናት። ሙሽራው ስንዴ ነው። ሙሽራው አሞታልና ቶሎ ዳሩልን።» ጸሐፊዎ ቢፍቱ ወረቀት ውስጥ ፊቷን ደብቃ እንደ ሳቀች አውቃለሁ። እርስዎ ግን ክቡር ሆይ፣ ኮስተር ብለው፣ «ከበላይ አካል ጋር ተማክረን በሁለት ሳምንት እንመልሳለን» አሉ።

እርስዎ ከሩቅ አገር በሥራ ስለ መጡ ላያውቁት ይችሉ ይሆናል፤ የልጅ አባት ለሽማግሌ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ተማክረን እንመልሳለን ያለ አባት መስጠቱ ነው፤ የማይሰጥማ በዚያው ዕለት ይናገራል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ተመለሱ፣ «ነገሩ በሽማግሌ እጅ ነው፣ ማንም እንዳይቸኩል» ብለው መንደሩን አዘዙ። ኢህሳን ከሻሸመኔ ሌላ ፊኛ ላስመጣ ብትል «ያሳፍራል፣ የተጠየቀች ልጅ እያለች ሌላ አይፈለግም» ብለው ከለከሏት። ኦቦ ጀሊልም መድኃኒቱን እንዳይበትነው ቆጥቦ፣ ፎቶው እስኪመጣ ከማሳው ዳር ቁጭ አለ። በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ለብሰው ሲመጡ የተሰጣቸው መልስ «የአካባቢውን የአየር ላይ ምስል በብቸኝነት ለማቅረብ ከአዲስ አበባው ድርጅት ጋር ስምምነት ተፈርሟል» የሚል ነበር። ኦቦ ጅሩ፣ «ታጭታ ነበር በሉና፤ ታዲያ ምነው ያኔ አልነገራችሁን?» ብለው ወጡ። እኒያ ሰው ከዚያ ወዲህ ለማንም ሽማግሌ አልሆኑም።

አራተኛ፣ የድርጅቱ የሳተላይት ሥዕል በጥቅምት መጨረሻ ደረሰን፤ ጥራቱ የሚደነቅ ነው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ደመና። ኢህሳን ስልክ ደውላ ብትጠይቅ፣ ደመናውን ከፊት ገለል ማድረግ ውላቸው ውስጥ እንደሌለና የመንግሥት ድርሻ እንደሆነ ነገሯት። ወደ እርስዎ ስትደውል ደግሞ ደመና የሚመለከተው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው ተባለች። የእኛ ፊኛ ከደመናው በታች ነበር የምትበረው፤ ዳሩ ግን ከመብራት እንጨት በላይ ነዋ።

አምስተኛ ምስጋና የለኝም። በኅዳር የኦቦ ጀሊል ማሳ ከጎረቤቶቹ ማሳ ጋር አንድ ላይ ቢጫ ሆነ። «ከሩቅ ሳየው የደረሰ መስሎኝ፣ ወላሂ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ» አለኝ። ፍሬውን ሲያሸው እጁ ላይ የቀረው ቢጫ ዱቄትና ገለባ ነው። ኮምባይነር መጥራት ስላላስፈለገ በማጭድ አጭዶ ለከብት ሰጠው። አሁን ከልጆቹ ሁለቱን ቆላ፣ ብድሬ ከተማ ወዳለ ዘመድ ቤት፣ ከብት እንዲጠብቁ ልኳቸዋል፤ ቤት የሚበላው አልበቃምና። እኔ በሁሉ ነገር የማሾፍ ሰው፣ ያን ቀን በባጃጅ መናኸሪያ ሳደርሳቸው ምንም ቀልድ አልመጣልኝም።

የሕዋን ደፍ በመስኮትዎ ለክተው የወሰኑ፣ ሽማግሌን በደጅዎ አቁመው የሸኙ፣ የድሀን ሰማይ ከእነ ደመናው ለሌላ የዳሩ ክቡርነትዎ ዕድሜና ሹመት ይጨመርልዎ እያልኩ፣ ከመብራት እንጨት በታች፣ መሬት ላይ ከሚኖሩት አንዱ፣ ትሑት አገልጋይዎ

ለሊሳ ዋቆ፣ ሮቤ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከዴስክዎ ተደውሎ፣ ለዓመታዊ ሪፖርቱ የጉዳቱ ምስል ከላይ ተነሥቶ እንዲላክ ኢህሳን ተጠይቃለች። ፊኛዋ እናንተው ጋር ስላለች አልቻለችም፤ ግን አትጨነቁ፣ ሰማዩ ታኅሣሥ ላይ ስለጠራ ድርጅቱ ቁልጭ ያለ ሥዕል ልኮልናል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ በእውነት ትንሽ መሆኑ የገባኝ፤ ይህን ሁሉ ጽፌ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ። ከዚያ ከፍታ ገሰራ በሙሉ የምትታየው መዳፍ አክላ ነው። ሥዕሉን ለኦቦ ጀሊል ባሳየው «የኔዋ የትኛዋ ናት?» አለኝ። በጣቴ ልጠቁመው ጫን ሳደርግ፣ ማሳው ከጥፍሬ ሥር ገብቶ ጠፋ።