ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የሚቆመው ትራክተር

ለቀድሞው ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለው ወይስ ዛሬም ከወንበር ስትነሳ ግድግዳ ትደግፋለህ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ትናንት ማክሰኞ ታናሽ ወንድምህ እኔ የምሠራበት ጋራዥ ድረስ መጥቶ የትራክተሩን ነገር ካጫወተኝ ወዲህማ እንቅልፌም ምግቤም ተስማምቶኛል።

ምስኪን፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የገባው። ቱታዬን ለብሼ መኪና ሥር ስለነበርኩ መጀመሪያ አላወቀኝም። ውሃ ሰጥቼ አስቀመጥኩት። ልኮህ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ኧረ በራሴ ነው የመጣሁት አለኝ። ውሸት አይችልበትም፤ በቤታችሁ ያ ነገር የተሰጠው ላንተ ብቻ ነው።

ጠዋት ስታስነሳው በአንድ ጊዜ ይነሳል አሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ልቡ ያርሳል። ከዚያ ድምፁ እየሳሳ፣ ጉልበቱ እየደከመ ይሄድና ቀጥ ይላል። ትንሽ ካረፈ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል፤ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይቆማል። አንተም እንደ ልማድህ ጆሮህን ሞተሩ ላይ ደቅነህ ሁለት ቀን ሙሉ አዳመጥክ፤ ምንም አልነገረህም። የመሬቱ እርጥበት ሳይጠፋ እንድታርስላቸው ቃል የገባህላቸው ስድስት ጎረቤቶች በየቀኑ ደጅህ ላይ ቆመው ያዩሃል። እስከ እሑድ ካልተነሳ ከማዶ ያለውን ባለትራክተር እንጠራለን ብለውሃል። እሱን አንዴ ከጠሩ ደግሞ ወዳንተ እንደማይመለሱ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።

አልሸነግልህም። ይህን ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ልንለያይ ሽማግሌዎቹ ፊት የተቀመጥን ቀን ምን እንዳልክ አንተ ብትረሳው እኔ አልረሳውም። ይህች ሴት እጇን እየከተተች ሞተሩን ገደለችብኝ፣ ስለዚህ ትራክተሩ ከኔ ጋር ይሁን፣ እሷ ድስቷን ይዛ ትሂድ አልክ። ዓይንህን በጨው ታጥበህ። አሥራ አንድ ዓመት ከጥፍሬ ሥር ግራሶ ጠፍቶ አያውቅም። አንደኛው ሽማግሌ እጄን አየት አድርገው ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ፤ የገባቸው እሳቸው ብቻ ይመስለኛል። እኔ አፌን ያዝኩ። የሚቆጨኝ መለያየታችን አይደለም። የሚቆጨኝ ያን ቀን ዝም ማለቴ ነው።

ለማንኛውም የፈለግኸው መድኃኒቱን ነው፤ መድኃኒቱን ልንገርህ። አገር ምድሩ ሐኪሙ እያለ የሚጠራህ ሰው ስለሆንክ ትእዛዝ መከተል አያቅትህም። አንዱንም እንዳትዘል፣ ቅደም ተከተሉንም እንዳታዛባ።

መጀመሪያ ትራክተሩን ከመጋዘኑ አስገፍተህ ግቢው መሃል አውጣው፤ ብርሃን ያስፈልግሃል። ናፍታ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈትተህ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደርድራቸው። ከፓምፑ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ በአንድ አውልቀህ በናፍታ እጠባቸው። የናፍታውን ፊልትሮ ቀይር። የአየር ማጣሪያውንም አውጥተህ አራግፈው። ቡሎኖቹን አታደባልቅ፤ በየወገናቸው አስቀምጣቸው። ከዚያ ሁሉንም መልሰህ ግጠምና መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር አስወጣ። ተረጋግተህ ከሠራህ ሐሙስና ዓርብ ይበቁሃል። ጎረቤቶችህ ምን እየሠራህ ነው ካሉህ አብራራላቸው፤ ማብራራት ትወዳለህ። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ጠርተህ ፊታቸው አስነሳው።

ወንድምህ ደብዳቤውን ይዞ ዛሬውኑ ይመለሳል። ፈጣሪ ወገብህን ይማርልህ፤ የእጅህንም ይስጥህ።

የድሮ ሚስትህ

አሁን የምጽፈው ላንቺ ለአዲሷ ሚስቱ ነው፣ ይህን ለምታነቢለት። ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አታንብቢ። ሌላ ምን አለች ካለሽ፣ ሰላምታ ነው በይው።

እስካሁን አንድም ቃል ሳትዘልዪ አንብበሽለት ከሆነ አመሰግናለሁ። የሽማግሌዎቹ ነገር ላይ ስትደርሺ ፊቱ ምን እንደመሰለ ባየሁ። ፊደል እንደማይለይ የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን። ወንድሙ እንኳ መነጽር ለመግዛት ቸል ብሎ ይመስለዋል፤ ትናንትም አንቺ እንደምታነቢለት የነገረኝ ለዓይኑ እያዘነ ነው።

ከትራክተሩ ጋር የመጣውን መጽሐፍ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ሞተሩን ፈትሼ፣ ገጹን አግኝቼ፣ ቤት ውስጥ አስረዳዋለሁ። በማግስቱ ሰው ፊት ጆሮውን ሞተሩ ላይ ይደቅንና የነገርኩትን ይናገራል። ሐኪሙ የተባለው እንዲህ ነው። አንድ ቀን መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ ለጎረቤት ሲያስረዳ ደረስኩ። ገጹን ግራሶ ነክቶታል ልጥረገው ብዬ ተቀበልኩትና አቃንቼ መለስኩለት። ያን ያህል ነበር የምወደው። እዚህ ስቀጠር እንኳ ባለጋራዡ ሙያውን ማን አስተማረሽ ቢለኝ ባሌ ብዬ መለስኩ። አሥራ አንድ ዓመት የለመዱት ውሸት በአንድ ጊዜ አይለቅም።

ወንድሙ ሳላስበው ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ ለሠርጋችሁ ትራክተሩን ሰማያዊ ቀለም አስቀባው። የኔን ጊዜ ቀይ ቀለም ለማጥፋት ከጎማው በቀር አንድም ቦታ አላስቀረም፤ የናፍታ ጋኑን ክዳን እንኳ ሁለት ጊዜ ደራርቦ አስቀባው። ሁለተኛው፣ ባለፈው አንቺ እስቲ ልየው ብትዪ፣ የሴት እጅ ነው የሚያበላሸው ብሎ ሰው ፊት አሳፈረሽ። በመጀመሪያው ሳቅኩ። ሁለተኛውን ስሰማ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለግሁ።

የጋኑ ክዳን አናት ላይ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ አለች። ናፍታው እየቀነሰ ሲሄድ አየር የሚገባው በእሷ ነው። ቀለሙ ደፍኗታል። አየር ካልገባ ናፍታው ወደ ሞተሩ አይወርድም፤ ሞተሩ ይራብና ይቆማል። ሲያርፍ በክዳኑ ጠርዝ ትንሽ አየር ሾልኮ ይገባል፣ ያኔ ይነሳል። ሌላ በሽታ የለበትም። መጽሐፉም ሞተር እንዲህ ካስቸገረ መጀመሪያ ክዳኑን እዩ ይላል። እሱን ከመጨረሻው ገጽ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ፍታ ያልኩትን ሁሉ ይፍታ፤ አትከልክዪው። ሞተሩን የሚጎዳ ነገር አላዘዝኩትም። ቅዳሜ ሲያስነሳው ይነሳል፤ ሰዉም ሐኪሙ፣ ሐኪሙ ይላል። አንቺ ሰዓትሽን እዪ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ይቆማል። ያኔ ሂጂና ክዳኑን አላልተሽ ክፈቺው፤ ሽው ብሎ አየር ሲስብ በአጠገብሽ ያለ ሁሉ ይሰማል። ቀዳዳዋን በመርፌ ጥረጊያት፣ ክዳኑን መልሺ፣ ወንበሩ ላይ ውጪና ራስሽ አስነሺው። ወርደሽ እንዳትሰጪው፤ የመጀመሪያውን ትልም አንቺ አውጪ። የጎረቤቶቹ እርሻ እንዳይጎዳ አስቤበታለሁ፣ መሬቱ እስከ እሑድ አይደርቅም። የሚጎዳው አንድ ሰው ነው።

ማን አሳየሽ ማለታቸው አይቀርም። መጽሐፉ ላይ አነበብኩት በያቸው። እሱ ሊያስተባብልሽ አይችልም፤ እንዲህ የሚል የለውም ለማለት ሰው ፊት ገልጦ ማንበብ አለበት።

ይህ ሁሉ ሲያበቃ ምናልባት ያኮርፍሻል። እኔ ኩርፊያውን እየፈራሁ አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ። አንቺ አትፍሪው፤ በሦስተኛው ቀን ሲርበው ይተወዋል።

ይህን ወረቀት አትቅደጂው፣ አትደብቂውም። አጥፈሽ የደረት ኪሱ ውስጥ ክተቺለት። ይዞት ይዙር።

እጅሽ ይባረክ።

ታላቅ እህትሽ