አጵሎስን እንዳታሰናብቺው

ለማከብርሽና ለምወድሽ ለእታለም ሄመን፣

እንደምን ከርመሻል? አካም ጂርታ? አንቺ፣ ባለቤትሽ ቢንያምና ልጆቹ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? የጁባ ሙቀትስ እንዴት አደረጋችሁ? ያ የሚያስቸግርሽ ራስ ምታት ተወሽ? እኛ እዚህ ሰበታ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለባትም። የወገቧ ስብራት ቢድንም እግሯ አልታዘዝ ስላላት አሁንም በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። የቤቱ ሥራ ግሩፕ ላይ እንዳልጽፍ አጵሎስ አለ፤ ድምፄን ቀድቼ እንዳልልክልሽ ደግሞ ልጆቹ ፊት ነው የምትከፍቺው። ስለዚህ ጎረቤታችን ሳሊሃ ለንግድ ወደዚያ ስትመጣ በእጇ ሰደድኩልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ በአጵሎስ ቀናሁ። ቀናሁ ስልሽ ትንሽ ቅር አለኝ ማለቴ አይደለም፤ ምግብ እስኪያስጠላኝ ድረስ ነው። የእማዬን ቤት ስንጀምር እኮ መሠረቱን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ድንጋይ ሲራገፍ፣ ሲሚንቶ ሲገባ ሁሉም "ሚልኬሳ የት አለ?" ነበር የሚለው። ስንት ብሎኬት እንደቀረ፣ የውሃው ቱቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ በጭንቅላቴ ይዤ ነበር የምዞረው። አንቺም ደውለሽ የምትጠይቂው እኔን ነበር።

ከዚያ ይህን የቡራዩ ልጅ ኢንጂነር ብለሽ አመጣሽብኝ። በመጣ በሳምንቱ ግሩፕ ከፈተ። የዕለቱ ሥራ በፎቶ ከነቀኑ እዚያ ይገባል። ፕላን በተለወጠ ቁጥር አዲሱን ይልክና ሰው በአሮጌው እንዳይሠራ ብሎ የድሮውን ወረቀት ከሁሉም እጅ ሰብስቦ ይቀድደዋል። ደግ ነው፣ ክፋት የለውም። እኔን ያቃጠለኝ ያንቺ ነገር ነው። ፎቶ በገባ ቁጥር "ጎበዝ አጵሌ!" አጵሌ! እኔን በሠላሳ አንድ ዓመቴ አንድ ቀን አቆላምጠሽ ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ? ስትደውዪም ሰላምታውን ሳትጨርሺ "አጵሎስ አጠገብህ አለ?" ነው። እማዬማ ባሰች፤ ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ፎቶ እያየች "የተባረከ ልጅ" ትላለች። ብሎኬቱን የተሸከምኩት እኮ እኔ ነኝ!

አንድ ቀን ብው አልኩና የግሩፑን ድምፅ ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲያ አልከፈትኩትም። የእማዬ መታጠቢያ ቤት በሩ ይስፋ፣ ደረጃውም ይቅር ብለሽ ያስለወጥሽው ፕላን የገባው ይኸኔ ነው። አጵሎስ የድሮውን ሊሰበስብ ሲመጣ የኔ ጠፍቷል አልኩት። አልጠፋም። ለፋሲካ መጥተሽ ስትሰጪኝ ጀርባው ላይ በእጅሽ "ለሚልኬሳ፣ አደራ" ብለሽ የጻፍሽበት ነው። እንዴት አውጥቼ ለሱ ልስጠው?

አጵሎስ ሌላ ሥራ ስለነበረው አንድ ሳምንት ሱሉልታ ሰነበተ። በየቀኑ ፎቶ ላክልኝ ብሎኝ ነበር፤ አልላክሁም። ማክሰኞ ዕለት ግንበኛው ኦቦ ጃለታ ከተፍኪ መጥቶ የመታጠቢያ ቤቱ በር እንዴት እንደሚሆን እኔን ጠየቀኝ። እኔን! ስንት ወር ሙሉ ሰው አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ደረቴን ነፍቼ ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁና በዚህ ሥራ አልኩት። ለማንኛውም ለኢንጂነሩ እንደውል ቢለኝ "እኔ እያለሁ?" ብዬ ተቆጣሁት። ጠባቡ በር ከነሁለት ደረጃው በሦስት ቀን አለቀ።

ቅዳሜ እማዬ ቤቴን ልየው አለች። ዊልቸሩን ተሸክመን ደረጃውን አወጣናትና በሩ ላይ ተቀረቀረች። እጇ ከግድግዳው ጋር ተፋፍቆ ደማ። እሷ ግን "ምንም አይደል፣ ልጆቼ ደክማችሁበታል፤ እኔ እዚሁ ደጅ በሳፋ እታጠባለሁ" አለች። ወይኔ እታለም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጵሎስም ሲመለስ ማንንም አልጠየቀም። "ወረቀቶቹን ሁሉ መሰብሰቤን ማረጋገጥ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ግሩፑ ላይ የጻፈልሽን እማዬ በስልኳ አሳየችኝ። እኔ ስልኩን መለስኩላትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ጨዋነቱ ራሱ አናደደኝ፤ በሱም ቀናሁ።

ከዚያ ደውለሽ በወሩ መጨረሻ አሰናብተዋለሁ፣ ሥራውን አንተ ትረከባለህ አልሽኝ። ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። የዚያን ቀን ምሳዬን በደስታ በላሁ ብልሽ ታምኛለሽ? በማግስቱ የእማዬን እጅ ፋሻ ስቀይርላት "ያን ልጅ ልታባርሩት ነው አሉ፤ ምን አጠፋ?" አለችኝ።

እታለም፣ እንዳታሰናብቺው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ አንቺው ቅደጂው። ለሱም ዛሬ ጠዋት ነገርኩት። "አውቄ ነበር" ብሎ ሻይ ጋበዘኝ፣ የሚያናድድ ልጅ! ከእንግዲህ እሱ በሌለበት ቀን ፎቶውን የምልከው እኔ ነኝ፤ ግሩፑንም ከፍቻለሁ። ወደድኩት ማለቴ ግን እንዳይመስልሽ። አጵሌ የሚለውንም በልክ አድርጊው።

ቢንያምን ሰላም በይልኝ፤ ኢብሳን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገሪው፤ ትንሿን ኤቢሴን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ ለሁላችሁም ምርቃቷን ልካለች።

ግድግዳው ሐሙስ ፈርሶ በሩ ሰፍቷል። እማዬ በዊልቸሯ ገብታ ስትስቅ አጵሎስ ያነሳትን ፎቶ ግሩፑ ላይ አይተሽ "እማዬ እንዴት አምሮባታል" ብለሻል። ከኋላዋ ወንበሩን የሚገፋ ሰው እጁ ብቻ ይታያል። ማን ነው ብለሽ አልጠየቅሽም። እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ሚልኬሳ
ሰበታ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.