በፊንላንድኛ «እማ»

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ 2014፣ ሳን ሆዜ

የምንከባከባቸው ፊንላንዳዊት አሮጊት «እማ» ባልኳቸው ቁጥር ፊታቸውን የሚያዞሩት ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ብሬክ ላይ ቃሉን ስልኬ ላይ ሰርች አደረግኩት። ለካ በድሮው ፊንላንድኛ «ኤማ» እናት ማለት ነበር። ኋላ ከጎረቤት «አይቲ» የሚል ቃል ተዋሱና ለሰው እናት እሱን ሰጡ፤ የራሳቸው ቃል ለላምና ለአሳማ ቀረ። እኔ አክባሪዋ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ እንስሳ ስጠራቸው ኖሬያለሁ!

ይቅርታ ልጠይቃቸው ገባሁ። ገና በሩን ስከፍት፣ እንደ ልማዳቸው፣ «እጅሽን ታጠቢ፣ ትሸቻለሽ» አሉኝ።

ይቅርታዬን ዋጥኩት። ትራሳቸውን አስተካከልኩና ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ ቀስ አድርጌ፣ «እሺ፣ እማ» አልኳቸው።

ፊታቸውን አዞሩ። እስከ ትናንት የምላቸው ሳላውቅ ነበር።